ከዳዊቴ የጎደሉት ስድስት

ዳዊትን የያዝኩት በእግሬ ነው። አብሾ ጠጥቼ አይደለም። መጀመሪያ ይህ ይጻፍልኝ፤ የቀረውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። ሰው ሲያረጅ ቂሙን ይተዋል ይላሉ፤ እኔም ብዙ ትቻለሁ። የተጣላኋቸውን ቀብሬ አልቅሻለሁ፤ ድንበሬን የገፋውን ጎረቤቴን ታሞ አስታምሜዋለሁ። ይህን ግን አልተውኩም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሰው ፊቴም ኋላዬም «አስካለ አብሾ» ሲለኝ ኖሯል። ስሙን ያወጣልኝ ደግሞ ዛሬ ደብራችን ውስጥ ሽማግሌ ሳይቀር ጉልበት የሚስማቸው መሪጌታ ደምሴ ናቸው። ያን ጊዜ እሱ ዲያቆን፣ እኔ ልጃገረድ ነበርን፤ አንተና አንቺ እንባባል ነበር። ስጽፍ አንዴ እሱ አንዴ እሳቸው ብል እንዳትታዘቡኝ።

አብሾን ለማያውቅ ልንገረው። የቆሎ ተማሪ ትምህርት አልገባው ሲል ቀጥቅጦና በጥብጦ ይጠጣዋል የሚባል ቅጠል ነው። የጠጣው ሰው የሰማውን አይረሳም ይላሉ። መዘዙ ግን ክፉ ነው፤ ጠላ የቀመሰ ቀን ይነሳበታል፣ ልብሱን ጥሎ ያብዳል ይላሉ። እኛ አገር ሰው ሲቆጣ «አብሾው ተነሳበት» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ለሌላው ሰው ቀልድ ነው። ለእኔ ቀልድ ሆኖ አያውቅም።

ልቤን ወደ ድሮው የመለሰው የረጠበ ሱፍ ሽታ ነው። የልጅ ልጄ ትርሲት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዘመሮ ከተማ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ትማራለች። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ እሑድ ከሰንበት ትምህርት ቤት ዝናብ ደብድቧት ገባች። ባናዬን አውርጄ ትከሻዋ ላይ ጣልኩላት። ውሃው ሱፉ ውስጥ ሲገባ ያ የበግ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ዳዊት በቃሌ አልይዝም» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«እስከ ሠላሳ ድረስ ሳልሳሳት ወጣሁት። ሲያጨበጭቡልኝ አንዷ ‹የአያቷ አብሾ ነው፣ በደም ይወርዳል፤ ጠላ እንዳታቀምሷት› አለች። ሁሉም ሳቁ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ልበላት? እውነት ነው እንዴ፣ እማማ?»

የሰው ሳቅ ለምጄዋለሁ። ከገዛ ደሜ «እውነት ነው እንዴ» መባልን ግን አልቻልኩትም። ዳዊቴን ተዉ፣ እኔ ራሴ አርጅቻለሁ፤ ነገ አፈር ነኝ። ይህች ልጅ ግን በእኔ ስም አፍራ ከያዘችው ሠላሳ ላይ ልትቆም ነው። ደምሴን መጠየቅ ያለብኝ ሳልሞት ነው አልኩ።

ባናው የየኔታ ወልደ ሰንበትን ባና ይሸት ነበር። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት በላይ ነው፣ ደብሩ ደግሞ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። አባቴ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ መንገድ እንድመራቸው ሰጣቸው። የበትራቸውን አንድ ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እኔ ይዘን ጠዋት ጠዋት ውርጩን እየሰበርን እንወርዳለን። የለበስኩት አቡጀዲ ነበር፤ ክንዱ በስሙኒ የተገዛ፣ እስኪነጣ የታጠበ፣ ወገቤ ላይ በሱፍ ገመድ የታሰረ። ያን ጊዜ ሙክት አይደለም እንጂ ደህና ጠቦት በአራት ብር ይገኝ ነበር። ዛሬ በአራት ብር ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚሰጡህ ነገር ቢኖር ግልምጫ ነው። የገበያው ማዕዘን ላይ በእግሩ የሚረግጣት መኪና ያለችው አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እየሰፋ ያንጎራጉራል። የኔታ እዚያ ሲደርሱ ዘፈኑ እንዳይገባኝ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሰፊውም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እስከ ዛሬ ሰባተኛው መዝሙር ላይ ስደርስ የሰፊው ዜማ ይመጣብኛል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የኔታ ከደጃቸው እንደወጡ የቀኑን ዳዊት ይጀምራሉ። የሰኞው ከአንድ እስከ ሠላሳ ነው፣ የማክሰኞው ከሠላሳ አንድ እስከ ስድሳ፤ ከረቡዕ ወዲያ አንዳንዱ ቀን እያነሰ ቅዳሜ መቶ ሃምሳው ያልቃል። መንገድ ላይ ያልጨረሱትን ደጀ ሰላም ተቀምጠው ይጨርሱታል። እኔን ማንም ተማሪ አላለኝም። ፊደል አላውቅም፣ መጽሐፍ በእጄ አልነካሁም። መዝሙሩ ግን ከመንገዱ ጋር ተሰፍቶ ገባኝ። አንዱ የጅብራው ተክል ሥር ነው፣ አንዱ የጓሳው ሣር ከሚጀምርበት፣ አንዱ ጭላዳ ከሚጮህበት ገደል አፍ። እግሬ እዚያ ሲደርስ አፌ ያውቀዋል። አራት ዓመት እንዲህ ሄድን። የኔታ ግእዙን አንዳንዴ ቆም ብለው ይፈቱልኝ ነበር። «ይኸውልሽ፣ ዳዊት እዚህ ላይ ለምን ዝም ትላለህ ብሎ ፈጣሪውን እየጠየቀ ነው» ይሉኛል። «መጠየቅ ይቻላል እንዴ፣ የኔታ?» ስላቸው ሳቁና፣ «እሱ ከጠየቀ አንቺም ጠይቂ» አሉኝ። ሰው ሁሉ ነገረኛ ይለኛል እንጂ እኔ መጠየቅ የተማርኩት ከዳዊት ነው።

ታመው ሲተኙ እኔ ከራስጌያቸው ተቀምጬ ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ዐረፉ። በአርባቸው ቀን ካህናቱም አገሩም ተሰብስቦ ሳለ አባቴ ደስታው አላስችለው አለና፣ «ልጄ የየኔታን ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች» አለ። ሰው ሳቀ። «ታሰማና!» አሉ። ደምሴ ያን ጊዜ የየኔታ ተማሪ ነበር፤ አምስት ዓመት ደጃቸው ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉን ይዞ ተነሳና፣ «እኔ ልጠይቃት» አለ።

የአሥራ አምስተኛውን የመጀመሪያ ቃል ሰጠኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። የሠላሳ ስምንተኛውን ሰጠኝ። የለም። ስድሳ ዘጠነኛውን፣ ሰማንያ ዘጠነኛውን። ከዚያ ያንን ረጅሙን፣ መቶ አሥራ ስምንተኛውን፣ ከራሱ አይደለም፣ ከመካከሉ። የለም። መቶ አርባ ሦስተኛውን። የለም። «ሌላ ጠይቀኝ! አሥራ ስድስተኛውን ልበልልህ!» ብዬ ጮህኩና ጀመርኩት፤ ሳልሳሳት ወረድኩ። ሰው ጆሮውን ሲያቀና አየሁ። ደምሴ እጁን አነሳ። «አያችሁ?» አለ። «የተማረ ሰው ዳዊት እንዲህ የተበሳሳ አይሆንም። ይህ አብሾ ነው። ልጅቱ አብሾ ጠጥታለች።»

መዝሙሩ መቶ ሃምሳ ነው። ከመቶ ሃምሳው የማላውቃቸው ስድስት ብቻ ነበሩ፤ እነዚያኑ ስድስት አንዱንም ሳይስት ጠየቀኝ። ሰው «መንፈስ ቅዱስ ገልጦለት ነው» አለ። የደምሴ ስም የተሰማው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እኔም አስካለ አብሾ የሆንኩት ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። የግሼ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ በሳምንቱ ሽማግሌ ልከው ይቅርብን አሉ። ኋላ ያገባኝ የቀየት አገር ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የማታብድ ሚስትም ታሳብዳለች፤ ምን ልዩነት አለው» ብሎ ነው የወሰደኝ።

ማኅበር ላይ ጠላ ሲዞር እኔን ይዘሉኛል። ለሁሉ በሽክና ሞልተው ሲቀዱ ለእኔ ውሃ ያቀብሉኛል፤ ያውም እያዘኑልኝ። አንድ ዓመት አንገፈገፈኝና ካጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ሽክና ነጥቄ ጭልጥ አደረግሁት። ሌላም አስቀዳሁ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። አንዱ በር ላይ ቆመ፣ አንዱ ገመድ ፍለጋ ሄደ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ እንዝርቴን አወጣሁና ሱፌን እየፈተልኩ ዋልኩ። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ሲበተኑ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የእሷ አብሾ ብልህ ነው፣ ቀን ይመርጣል!»

ይህ ቢያስቅም የማያስቀው ሌላ ነው። መሬት በሚደለደልበት ዘመን አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ድርሻዋ ሲሸረፍ አየሁ፤ ተነስቼ ተናገርኩ። ሰብሳቢው አልተከራከረኝም። «እትዬ አስካለ አብሾዋ ተነስቷል፣ አስቀምጧት» አለ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። የሴትዮዋ መሬት በዚያው ሳቅ ውስጥ ሄደ። በእኔ ስም የሰው ፍርድ ተበላ ማለት ይህ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ማንበብ እንደቻልኩ ከደብሩ ቄስ መጽሐፉን ተውሼ ስድስቱን ያዝኳቸው። ነገር ግን ለምን እነዚያ ብቻ ጎደሉኝ? ከዚያ በፊት ራሴም ስጠረጥር ኖሬያለሁ፤ ሳላውቅ ያጠጡኝ ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከየኔታ አሮጌ ደጃፍ ተነሳሁና እንደ ልጅነቴ እየደገምኩ ወረድኩ። አሥራ አራተኛውን ስጨርስ እግሬ ውሃ ነካ። ወንዙ ነው! የኔታ ድንጋዩ ስለሚያዳልጣቸው እስክንሻገር ድረስ ዝም ይሉ ነበር። ለእግራቸው የፈሩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በልባቸው ይደግሙታል፤ ማዶ ስንደርስ የሚቀጥለውን ያነሳሉ። ማክሰኞም ወረድኩ፤ ወንዙ ላይ ስደርስ ሠላሳ ስምንተኛው። እስከ ቅዳሜ ተመላለስኩ። የዓርቡ ረጅም ስለሆነ ወንዙ የደረሰው ከመካከሉ ነው። ቅዳሜ ዕለት ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጉድለቴ ምስክሬ ነበር። አብሾ ቢሆን ወንዝ አይመርጥም።

ምስክሬን ይዤ ደምሴን ፈለግሁት። እሱ ግን ቅኔ ሊማር ጎጃም ወርዶ፣ ከዚያም ከደብር ደብር እያለ ዓመታት ቆየ። አንድ ጥምቀት መጣ፤ ሕዝቡ መሐል ገባሁና ካባውን ያዝኩ። «ስድስቱን እንዴት አወቅሃቸው?» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «አብሾዋ ነው፣ ቀስ አድርጋችሁ ውሰዷት» አለ። ቀስ አድርገው ወሰዱኝ።

አንዳንዱ ሰው፣ ይህን ያህል ላዋረደሽ ነገር ምን አንጠለጠለሽ ይለኛል። ሁለተኛው ልጄ ኩፍኝ ይዞት አዝዬው መሐል ሜዳ ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤት ስገሰግስ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘብኝ። በዚያ ሜዳ ላይ ቄስ የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ ሰው የለ። እግሬ ሲሄድ አፌ ደገመ። እስክደርስ ድረስ ለልጄ ዳዊቱ ተደገመለት። መጽሐፍ የታዘለ ልጅ ይዘህ አይገለጥም፤ በልብ ያለ ግን ራሱ ይገለጣል። ዛሬ ዓይኔ ደክሟል፤ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስብኛል፤ ዳዊቴ ግን አልደበዘዘም። በቅርቡም መንገዱ በተዘጋ፣ መብራቱም በጠፋ ሰሞን ሰው ሞቶብን ወጣቱ ዲያቆን ከስልኩ ላይ እያነበበ ሲደግም ስልኩ እጁ ላይ ጠፋ። ካቆመበት ተቀብዬ ጨረስኩለት። ሲወጡ አንዱ፣ «አብሾም ቢሆን ጠቀመን» አለ። ትርሲት ግን በዚያ ቀን ነው፣ «እማማ፣ እኔንም አስይዢኝ» ያለችኝ። እንግዲህ ይህችን ልጅ ነው ሊያስቆሙብኝ የነበረው።

መሪጌታ ደምሴ አርጅተው ወደ ደብራችን ከተመለሱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ትርሲት ዝናብ ደብድቧት በገባች በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀምጠናል፤ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እየተቀዳ ነው፤ ለእኔ እንደ ወትሮው ውሃ። መሪጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ትርሲትን እጇን ይዤ መሐል ላይ ቆምኩ።

«ጥያቄ አለኝ» አልኩ።

«ጀመራት» አለ አንዱ ከኋላ። ሰንበቴውን የሚመሩት ሙሴ፣ «እትዬ አስካለ፣ ዳቦው ይታደልና ይደርሳል» አሉ።

«ሃምሳ ዓመት ደርሶልኝ አያውቅም። መሪጌታ፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው። በየኔታ አርባ የጠየቁኝን ስድስቱን አሁን እላለሁ። መጽሐፍ ያለው ይከተለኝ።» አሥራ አምስተኛውን ጀመርኩ። ወጣቱ ዲያቆን መጽሐፉን ገለጠና ጣቱን አስከተለ። ሠላሳ ስምንተኛውን አልኩ። የሚያኝክ ሰው አልነበረም። ስድስቱን ጨረስኩ። ዲያቆኑ፣ «አንድ ፊደል አልሳተችም» አለ።

«ለምን እንደጎደሉኝ አውቄዋለሁ» አልኩና የወንዙን ነገር ለሁሉም ተናገርኩ። «የማላውቀው አንድ ነው። እርስዎ መንገዱን ከእኛ ጋር አልሄዱትም። ከመቶ ሃምሳ ስድስቱን ለይተው እንዴት አወቁ?»

«አስካለ፣ ያለፈ ነገር ነው» አሉ መሪጌታ። «እንግዲህ በልጅነት ለተባለው ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታ አልጠየቅሁም። መልስ ነው የጠየቅሁት።»

«ኧረ እሜቴ፣ ታላቅ አባት ናቸው፣ አሟቸዋልም» አለ ዲያቆኑ። የትርሲት እጅ እጄ ውስጥ ነበር። ልትጎትተኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ ለቀቀችኝና ወደ መሪጌታ ሄደች። ጉልበታቸውን ሳመች። «አባቴ፣ አያቴ ጠጥታለች ወይስ አልጠጣችም? እኔም እየያዝኩ ስለሆነ ነው» አለቻቸው።

 መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ ዲያቆኑ ብብታቸውን ይዞ አቆማቸው። ቆባቸውን አወለቁ።

«አልጠጣችም» አሉ። «የኔታ ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ጠሩኝ። ‹ልጅቱ ዳዊቱን ይዛዋለች፤ ወንዙ ላይ ዝም እል ስለነበር ስድስት ቦታ ጎድሎባታል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው› አሉኝ። ስድስቱን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ‹አንተ ማንበብ ትችላለህ፤ አስተምረህ ሙላላት፤ አደራ› አሉኝ። አምስት ዓመት ተቀምጬ እኔ ግማሹን እንኳ አልያዝኩም ነበር። እሷን ብሞላት፣ አንተስ ምን ስትሠራ ነበር ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ልሞላላት በተነገሩኝ በነዚያው ስድስት አዋረድኳት። አደራ በላሁ።»